ሰው የሌለው ምን ይሁን?



ውድ ወንድምና እህቶች፣ የዛሬው ጽሑፋችን ረዘም ይላል። ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአጭሩ እንጨርሰው ነበር። የራሳችንም ስላለበት ነው የረዘመው።

ጎሮ አካባቢ ባለው መስጂዳችን፣ ሁለተኛው ሶፍ ላይ ከግድግዳው አጠገብ የማይጠፉ አንድ አባት አሉ። ስኳር ካገኛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ውዱእ ሲያደርጉ ከእግራቸው ሥር የሚወርደው ውሃ ቀላ ብሎ ያየነው እኛ ነን። እሳቸው አላወቁም። ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ አያማቸውም ነበር። ካልሲያቸውን አውልቀን ስናየው ግን ሁለቱ ጣቶች መጥቆር ጀምረዋል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ሲስተሯ ቁስሉን አጥባ ጠቀለለችና «ይሄ ከእኛ አቅም በላይ ነው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷቸው» ብላ ሪፈር ጻፈችልን። አላህ ይስጣት፣ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች።

ሱብሒን ሰግደን ተነሳን። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ሰልፉ አጥሩን ይዞ ታጥፏል። ካርድ ክፍል ለመድረስ ሦስት ሰዓት ቆምን። አባታችን ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ታክመው ነበርና ካርድ አላቸው። ግን ካርዱ አልተገኘም። «ነገ ተመለሱ፣ እንፈልገዋለን» ተባልን። በነጋታው ተመለስን፤ አልተገኘም፤ አዲስ ወጣ። ሐኪሙ አያቸውና የደም ምርመራ አዘዘ። ላብራቶሪው መስኮት ላይ «ሪኤጀንት አልቋል፣ ውጭ አሠሩ» አሉን። ውጭ አሠራን። ለቤት ኪራይ ያስቀመጡት ገንዘብ እዚያ ገባ። ውጤቱን ይዘን ስንመለስ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቷል፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ተቀጠርን።

ሐሙስ ዕለት፣ ሪፈሩ ከተጻፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖት፣ ከተመላላሽ ክፍሉ በር ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር። ከፊታችን ሃያ ምናምን ሰው አለ። አባታችን ትኩሳት ጀምሯቸዋል። ያን ጊዜ ብዙ ጊዜ የምናደርገውን አደረግን፤ ስልክ አወጣን። እዚያው ሆስፒታል የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ አለ። ደወልንለት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ መጣ፣ ካርዱን ከእጃችን ተቀበለ፣ በጎን በር ገባ፤ ወዲያው የአባታችን ስም ተጠራ።

ደስ አለን። ሳንዋሽ እንናገር፤ ኩራትም ተሰማን።

አባታችንን ደግፈን ወደ በሩ ስንሄድ፣ ከአጠገባችን ልጅ አዝላ የቆመች አንዲት ሴት ነበረች። ከቦሌ አራብሳ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ እንደመጣች ቅድም ስንጨዋወት ነግራናለች። ተራዋ ከእኛ በፊት ነበር። ልጁ ጀርባዋ ላይ አንገቱን ጥሎ ተኝቷል። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። እኛን እያየች በቀስታ «ሰው የሌለው ምን ይሁን ታዲያ?» አለች።

መልስ አልሰጠናትም። በሩ ተዘጋ።

ሐኪሙ እግሩን እንዳየ ያኑኑ አስተኛቸው። ሁለት ጣት ተቆረጠ፤ እግራቸው ግን ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ። በሦስተኛው ቀን ልንጠይቃቸው ስንገባ ወተትና ብርቱካን ይዘን ነበር። አባታችን ወተቱን አላዩትም። «ልጆቼ፣ ያቺ ልጅ ያዘለችው ሴት ገባች?» አሉን።

«አናውቅም አባባ» አልናቸው።

«ተራዋን ይዤባት ነው የገባሁት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወንድምና እህቶች፣ እኛ ኪታብ የቀራን ሰዎች ነን። ስለ ሐቀል ዒባድ፣ ስለ ሰው ሐቅ፣ ለደረሶች እናስተምራለን። የሰው ሐቅ በተውበት ብቻ እንደማይለቅ፣ ባለቤቱ ይቅር ማለት እንዳለበት እንናገራለን። ስልካችን ውስጥ ግን በሦስት ሆስፒታሎች «ሰው» አለን። ይህንንም እንደ ኸይር ሥራ ነበር የምንቆጥረው። ጀማዓውም «እነሱ ጋ ደውሉ፣ መንገድ አያጡም» እያለ ያመሰግነን ነበር። አባታችን ከአልጋቸው ላይ ሆነው እስኪጠይቁን ድረስ፣ ወደፊት የገፋነው እያንዳንዱ ሰው ሌላ ሰው ወደ ኋላ እንደሚገፋ አስበነው አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሆስፒታል ማንበብና መጠየቅ ጀመርን። ያገኘነውን እናካፍላችሁ።

ብዙዎቻችን የሕክምና ችግር ሲነሳ የሚታየን የሕንፃ ማነስና የሐኪም እጥረት ነው። እውነት ነው፣ እጥረቱ አለ። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመ ኮሚሽን በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ያለውን ሕክምና መርምሮ ያወጣው ውጤት እኛን አስደንግጦናል። በእነዚህ አገሮች በየዓመቱ ሊታከም በሚችል በሽታ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ይሞታል። ከእነዚህ ውስጥ 3.6 ሚሊዮን ያህሉ የሞቱት ሕክምና ጋ ስላልደረሱ ነው። 5 ሚሊዮን ያህሉ ግን ሕክምና ጋ ደርሰው፣ ሕክምናው ጥራት ስላልነበረው የሞቱ ናቸው። ማለትም ብዙው ሰው የሚሞተው ሐኪም ቤት ርቆበት ሳይሆን በሩን ካለፈ በኋላ ነው። ኮሚሽኑን በጋራ ከመሩት አንዱ ናይጄሪያዊው ሐኪም ሙሐመድ ፓቴ ናቸው፤ በኋላ የአገራቸው የጤና ሚኒስትር ሆነዋል።

የአባታችንን ዘጠኝ ቀን በዚህ ዓይን እንየው። ሕንፃው ነበር። ሐኪሙም ነበር፤ ያውም ጎበዝ ሐኪም። የጠፋው ካርድ፣ ያለቀው ሪኤጀንትና የተሳሳተው ቀጠሮ ናቸው ጣቶቹን የበሉት ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። ጥራት የሚባለው ነገር የሚገኘው በእነዚህ ትንንሽ ነገሮች ውስጥ ነው።

ይህን አገራችን አታውቀውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የመንግሥት ሆስፒታሎችን አስተዳደር ለማሻሻል ሥራ ጀመረ። ጥሩ ሐኪም ሁሉ ጥሩ ሥራ አስኪያጅ አይሆንም ከሚል ሐሳብ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁሉም ሆስፒታል የሚመራበት የማሻሻያ መመሪያ ወጣ፤ ስለ ካርድ ክፍል፣ ስለ ፋርማሲ፣ ስለ ነርሶች ሥራ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ቅሬታ አቀባበል ሳይቀር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሆስፒታሎች እርስ በእርስ እንዲማማሩ የጥራት ጥምረት ተመሠረተ፤ በአንድ ነገር የበለጠው ሆስፒታል በዙሪያው ያሉትን ይደግፋል። ጥምረቱ መጀመሪያ የያዘው ርዕስ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የታካሚ እርካታ። ቀጥሎ ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ በወጣው የአምስት ዓመት የጤና ዕቅድ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የጤና ባለሙያ ማፍራት ከዋና ዋናዎቹ ግቦች አንዱ ሆነ። ይህ ጽሑፍ ዛሬም በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ አለ።

ግድግዳ ላይ ያለው ወደ ሰው እጅ ሲወርድ ምን እንደሚሠራ ግን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና 19 ጥያቄ ያለባት አንዲት ወረቀት አወጣ። የታካሚው ስም ትክክል ነው? የሚቀደደው ቦታ ይህ ነው? መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጥቷል? ፋሻው ተቆጥሯል? ሌላ ተአምር የላትም። ከአማን እስከ ማኒላ፣ ከታንዛኒያ እስከ ለንደን በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ስትሞከር፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረደ። በእኛም አገር በአምስት ሆስፒታሎች ላይፍቦክስ የተባለ ድርጅት «ክሊን ካት» በሚል ስም ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። እጅ በትክክል መታጠቡን፣ ልብሱ አለመቀደዱን፣ ዕቃው በእርግጥ መቀቀሉን፣ አንቲባዮቲኩ በሰዓቱ መሰጠቱን ተከታተሉ። የቁስል መመርቀዝ ስጋት በሲሶ ገደማ ቀነሰ። ሕንፃው ያው ነው። ሐኪሞቹ ያው ናቸው። የተለወጠው ሥርዓቱ ነው።

እዚሁ ቦሌ ደግሞ ዓይናችን ያየው አለ። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለበሽታው ማከሚያ ተለየ፤ ቀጥሎ ሰርግና ኮንሰርት የምናውቅበት ሚሊኒየም አዳራሽ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የብዙ መቶ አልጋ ማከሚያ ሆነ። አልጋ ተደረደረ፣ ኦክስጅን ገባ፣ ማን በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ መስመር ተሰመረ። ጉድለት አልነበረም አንልም። ግን አንድ ነገር አሳይቶናል፤ ሲታሰብበትና ሁሉም እኩል ሲፈራ ይቻላል።

«ሁሉም እኩል ሲፈራ» ያልነውን ልብ በሉ። ያ ጊዜ ብዙ በረራ የቆመበት፣ ባለሀብቱም ደሃውም አንድ አዳራሽ የሚተኛበት ጊዜ ነበር። ዛሬስ? ከጎሮ ወደ ኤርፖርት የሚወስደውን መንገድ አስቡት። ገንዘብ ያለው በዚያ መንገድ ወጥቶ ባንኮክ፣ ዴልሂ ወይም ኢስታንቡል ይታከማል። መካከለኛው ቦሌ ውስጥ ከሞሉት የግል ሆስፒታሎች አንዱ ጋ ይገባል። እንደ እኛ ገንዘብ የሌለው ግን «ሰው» ያለው፣ በጎን በር ይገባል። ሰልፉ ላይ የሚቀሩት ገንዘብም ሰውም የሌላቸው ናቸው። እነሱ ደግሞ ቢናገሩ የሚሰማቸው የለም። ስለዚህ ሰልፉ እንደዚያው ይኖራል።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። በጎን በር ስንገባ የአንዲት ሴትን ተራ ብቻ አይደለም የወሰድነው። በፊት ለፊቱ በር ያለውን ችግር ለመናገር የምንችል እኛ ነበርን፤ መንገድ ስላገኘን ዝም አልን። ማለፊያ ያገኘ ሰው በሩ ይሠራ ብሎ አይጮኽም።

በታሪካችን ውስጥ የዚህን ተቃራኒ እናገኛለን። ሱልጣን አል-መንሱር ቀላውን ገና አዛዥ ሳሉ ደማስቆ ላይ ክፉኛ ታመሙ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት፣ የታከሙት ኑረዲን ለሕዝብ ካሠራው ቢማሪስታን በመጣ መድኃኒት ነው። ሲድኑ ሄደው ቢማሪስታኑን አዩት፤ አላህ ሥልጣን ከሰጠኝ እንደዚህ ያለ አሠራለሁ ብለው ተሳሉ። በ683 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1284፣ ካይሮ ላይ አሠሩት። ወንድ ሴት፣ ሀብታም ደሃ ሳይለይ እንዲያክም ወቅፍ አደረጉለት። ትልቁ ሰው ከትንሹ ሰው ጋር በአንድ መድኃኒት ስለታከመ ነው ትንሹ ሰው ሆስፒታል ያገኘው።

ሌላም አለ። በ319 ዓመተ ሂጅራ ባግዳድ ላይ አንድ ሰው በሐኪም ስህተት ሞተ። ወሬው ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ጋ ደረሰ። አንዱን ሐኪም ቀጥተው ዝም አላሉም። ሲናን ኢብኑ ሣቢት የተባለውን ታላቅ ሐኪም ጠርተው፣ ከዚህ በኋላ በእሱ ተፈትኖ ያላለፈ ማንም እንዳያክም አዘዙ። አንድ ስህተት ለሁሉም የሚሆን ሥርዓት ወለደ። ይህ የሆነው ግን ወሬው ኸሊፋው ጋ ስለደረሰ ነው። የእኛ ወሬ የት ይደርሳል? ታክሲ ውስጥ ይጀምራል፣ ሻይ ቤት ያልቃል።

ይህን እያሰብን፣ አባታችን ከወጡ በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ተመለስን። ቅሬታችንን በአንድ ገጽ ጽፈን ነበር፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ክፍል፣ ምን እንደተባልን። የራሳችንንም ጥፋት ጻፍን፤ በጎን በር መግባታችንን። (የሰፈራችንን ልጅ ስም አልጻፍንም። እሱን ያስቸገርነው እኛ ነን።) ይቆጡናል ብለን ፈርተን ነበር። የጥራት ክፍል የሚባል አለ፤ እዚያ ያለችው ሲስተር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችውና ወንበር ሰጠችን።

«በዚህ ወር በጽሑፍ የመጣልኝ ቅሬታ ይሄ የመጀመሪያው ነው» አለችን። «ሰው ሁሉ በር ላይ ይረግመናል፣ ይሄዳል። እኔ ስብሰባ ስገባ ካርድ ይጠፋል ብል ማስረጃ የለኝም። ሪፖርቱ ላይ ቅሬታ ዜሮ ይላል። ዜሮ ማለት ደግሞ ሰዉ ረክቷል ማለት ነው የሚመስለው።»

ከዚያ ተነስታ ካርድ ክፍል ወሰደችን። ያየነውን ባንነግራችሁ አይሆንልንም። በአሠራሩ አንድ ታካሚ አንድ ፎልደርና አንድ ቁጥር ነው ያለው። ቁጥሩን ይዞ የመጣ ሰው ካርዱ ቶሎ ይወጣለታል። እኛ ግን አብዛኞቻችን ቁጥሩ ያለበትን ትንሽዬ ካርድ ጥለነው በስም ብቻ እንመጣለን። በስም ሲፈለግ ደግሞ ሙሐመድ አሕመድ የሚባል ስንት ሰው አለ? ያውም አንዱ ሙሐመድ፣ አንዱ መሐመድ፣ አንዱ መሀመድ፣ አንዱ ሞሐመድ ተብሎ ተጽፏል። የአባታችን ስም ከእነዚህ አንዱ ነው። የመዝገብ ሠራተኛው ልጅ ላቡን እየጠረገ መደርደሪያውን ሲያሳየን አፈርን። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የረገምነው እሱን ነበር።

ሲስተሯ ሌላም ነገር ነገረችን። «እግራቸው ጠቁሮ፣ ትኩሳት ይዟቸው ነበር አላችሁ። ያ እኮ በሰልፍ የሚጠበቅ አይደለም። ትሪያጅ ላይ ላለችው ነርስ ብታሳዩ ቅድሚያ ያገኙ ነበር፤ በሰው ሳይሆን በሕመማቸው። ያቺ ልጅ ያዘለችውም ልጇን ብታሳይ እንደዚሁ። የማይነግራችሁ ካለ ደግሞ ያ የእኛ ጥፋት ነው፣ እሱንም ጻፉት።»

ልዩነቱ ይህ ነው ወንድሞች። ቅድሚያ ራሱ ዙልም አይደለም። ለከፋው ቅድሚያ መስጠት ፍትሕ ነው። ዙልም የሚሆነው ቅድሚያው በዝምድና ሲሆን ነው።

ስለ ባለሙያዎቹም አንድ ነገር ሳንል አንለፍ። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንስተው አገር ሁሉ ሰምቷል። ሌሊቱን ሲያዋልድ አድሮ ጠዋት የታክሲ ገንዘብ የሚቆጥር ሐኪም አለ። ሩህሩህ ሁን ብሎ ግድግዳ ላይ መጻፍ ይቀላል፤ የደከመ ሰው ግን ርኅራኄውም ይደክማል። ስለዚህ የእኛ ጽሑፍ ነርሷን ለመሳደብ አይዋል። ሪኤጀንቱን አዝዞ የሚያስመጣው እሷ አይደለችም።

ታዲያ እኛ ወጣቶች ምን እናድርግ? ከመስጂዳችን ልጆች ጋር ተቀምጠን የተስማማንበትን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ የቤተሰባችሁን የካርድ ቁጥር ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የእናታችሁን፣ የአባታችሁን። ስማቸውንም በመታወቂያቸው ላይ እንዳለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አስጽፉ።

ሁለተኛ፣ ቅሬታ በጽሑፍ አቅርቡ። ስድብ ሳይኖርበት፣ ቀንና ሰዓት ጠቅሳችሁ። ጥሩ የሠራ ሰው ካያችሁም ጻፉ፤ ያቺ የጤና ጣቢያ ሲስተር ምስጋና በጽሑፍ አግኝታ የምታውቅ አይመስለንም።

ሦስተኛ፣ ሆስፒታሎች ቦርድ አላቸው፤ በቦርዱ ውስጥ የማኅበረሰብ ተወካይ አለ። ሆስፒታሉ ከሚሰበስበው ገቢ ለአገልግሎት ማሻሻያ የሚያውለው ገንዘብም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ተወካያችሁ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስትጠይቁ «ሪኤጀንት በዚህ ዓመት ስንት ቀን ጠፋ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቁጥር ጥያቄ ከምሬት ይልቅ ይሠራል።

አራተኛ፣ ማንበብ የምትችሉ፣ ጠዋት ሥራ የሌላችሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለአረጋውያን መንገድ አሳዩ። ካርድ ክፍል የት ነው፣ ትሪያጅ የት ነው፣ ይህ ወረቀት ምን ይላል። ከገጠር የመጣች እናት የምትፈልገው «ሰው» ይኸው ነው። ግን ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ተመዝግባችሁ ይሁን።

አምስተኛው ለእኛው ነው። ስልካችን ውስጥ ያሉትን ስሞች አላጠፋናቸውም፤ ጓደኞቻችን ናቸው። ለተራ ግን አንደውልላቸውም። አንድ ወር አልሞላም ተፈትነናል። የራሳችን እህት ልጇን ይዛ «ደውሉልኝ» አለችን። ትሪያጅ ሄደሽ አሳዪ አልናት። አኮረፈች። ልጁ ተራውን ጠብቆ ታከመ፤ ግን አራት ሰዓት ቆማለች፤ እስከ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልታረቅንም። ቀላል ነው ብለን አንዋሻችሁም። እነዚያን አራት ሰዓታት ግን ጻፍናቸውና ለሲስተሯ ሰጠናት። ይኸው ሁለተኛው ወረቀታችን ነው።

ሆስፒታሉ ተለወጠ ወይ ብትሉን፣ ገና ነው። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ «የካርድ ቁጥርዎን ይዘው ይቅረቡ» የሚል ወረቀት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተለጥፏል። ሪኤጀንቱ አሁንም አንዳንዴ ያልቃል።

አባታችን ተመልሰዋል። ሁለተኛው ሶፍ ላይ፣ ከግድግዳው አጠገብ፣ ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዳሉ። ከሰላት በኋላ ብዙ ጊዜ «አገኛችኋት?» ይሉናል። ማንን እንደሆነ አይናገሩም፤ እኛም አንጠይቅም። ወደ አራብሳ የሚሄደው ታክሲ ተራ ስናልፍ ልጅ ያዘለች ሴት ሁሉ እናያለን። እስካሁን አላገኘናትም።

እህታችን፣ ምናልባት ይህን የሚያነብልሽ ሰው ካለ፣ አውፍ በይን። ልጅሽን አላህ አሽሮልሽ ይሁን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።